ለሰሊጥ፣ ለገብስና ለቆዳ አንድ ዓይነት ስልት አይሠራም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ሰሞኑን በጋዜጣችሁ ላይ ስለ ጎንደርና አካባቢዋ የኢኮኖሚ ዕድገት የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ይህች ከተማ ሰሊጥና ጥጥ በሚያበቅል ቆላ፣ ገብስ በሚያበቅል ደጋና ጣናን በተንተራሰው የደንቢያ ሜዳ መካከል ተቀምጣ ሳለ ሀብቷ በጥሬው በመኪና እየተጫነ እንደሚያልፍባት ጸሐፊው በቁጭት መጻፋቸውን ሙሉ በሙሉ እጋራለሁ። የምለየው በመፍትሔው ላይ ነው። ጸሐፊው አንድ ትልቅ የኢንዱስትሪ ፓርክ እንዲገነባ፣ በውስጡም ሰሊጡም፣ ገብሱም፣ ቆዳውም፣ ስፌቱም ተመሳሳይ የግብር እፎይታ፣ ተመሳሳይ የመሬት ኪራይና ተመሳሳይ የወጪ ንግድ ግብ ተሰጥቷቸው እንዲያድጉ ይመክራሉ። ይሁንና አገራችን ባለፉት ሃያና ከዚያ በላይ ዓመታት ያየችው አንዱን ዘርፍ ያነሣው ስልት ሌላውን ሲጥለው ነው። ያንን ልምድ ሳናገላብጥ ወደ ግንባታ ብንገባ የምንከፍለው ዋጋ ከባድ ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ።

ይህን የምጽፈው ከየት ሆኜ እንደሆነ አንባቢ ቢያውቅ ይሻላል። ለሃያ ሁለት ዓመታት በገበሬዎች ኅብረት ሥራ ውስጥ በእህልና በቅባት እህል ግዢ ሠርቻለሁ፤ ከመተማና ከአርማጭሆ ሰሊጥ፣ ከወገራና ከዳባት ገብስ ስገዛ፣ ሳስመዝንና ሳስጭን ኖሬአለሁ። ዛሬ በጡረታ ላይ ሆኜ ከልጄ ጋር አንዲት አነስተኛ የኑግ ዘይት መጭመቂያ እናንቀሳቅሳለን። ስለዚህ በጉዳዩ ጥቅም የለኝም አልልም፤ የምለው ግን በሚዛንና በመጋዘን ደጃፍ ላይ ቆሜ ያየሁትን ነው።

በዘርፍ ለይቶ ማልማት ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የኢንዱስትሪ ልማት ስትራቴጂ ጨርቃ ጨርቅና ስፌትን፣ ቆዳን፣ ሥጋንና የግብርና ምርት ማቀነባበርን በቅድሚያ ደረጃ አስቀምጦ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው የአሥር ዓመት መሪ ዕቅድም ግብርናን፣ ማኑፋክቸሪንግን፣ ማዕድንን፣ ቱሪዝምንና ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂን የዕድገት ምሰሶዎች አድርጎ፣ ከአጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርት 7 በመቶ ገደማ የነበረውን የማኑፋክቸሪንግ ድርሻ ወደ 17 በመቶ ከፍ ለማድረግ ያልማል። ግቡ የሚያስመሰግን ነው። ጥያቄው በየዘርፉ ምን ዓይነት መንገድ ወደዚያ ያደርሳል የሚለው ነው።

ከአበባ ልጀምር፤ በአገራችን የዘርፍ ስልት ሠመረ ሲባል ሁሉም የሚጠቅሰው እሱን ነውና። አበባ በመንግሥት ዕቅድ ውስጥ አስቀድሞ ተመርጦ የመጣ ዘርፍ አልነበረም። ጥቂት የግል ባለሀብቶች ጀምረው እንደሚቻል ካሳዩ በኋላ ነው መንግሥት ችግራቸውን ጠይቆ መፍትሔ መፈለግ የያዘው። የጎደላቸው ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙ ያልራቀ መሬት፣ የረጅም ጊዜ ብድርና የጭነት አውሮፕላን ነበር። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ የፕሮጀክቱን ወጪ እስከ 70 በመቶ አበደረ፤ የግብር እፎይታ ተሰጠ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም ጭነቱን ተሸከመ። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ከቁጥር የማይገባ የነበረው የአበባ ወጪ ንግድ በ2000 ዓ.ም. በዓመት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገኘ። በዝዋይ ሐይቅ ዙሪያ ስለ ውኃና ስለ ኬሚካል የተነሣው ቅሬታ ቀላል ባይሆንም ራሱን የቻለ ደብዳቤ ስለሚፈልግ እዚህ አልገባበትም።

ብዙ ሰው የአበባን መሳካት የሚያየው በብድሩና በእፎይታው ነው። ለእኔ ግን ዋናው ነገር ሌላ ነው። የጽጌረዳ እርሻ ከችግኙ እስከ ማሸጊያው ካርቶን ድረስ በአንድ አጥር ውስጥ፣ በአንድ ባለቤት እጅ ያለ ሥራ ነው። አበባው ቢጠወልግ የሚከስረው፣ ቢያምር የሚጠቀመው ያው አንድ ሰው ስለሆነ ጥራትን የሚጠብቅ ዐይን ከመነሻው እስከ መድረሻው አይጎድልም። ለእንዲህ ያለው ዘርፍ ገንዘብ፣ መሬትና ማጓጓዣ ማቅረብ በቂ ሊሆን ይችላል፤ የቀረውን ባለቤቱ ራሱ ያሟላዋል።

ቆዳ የዚህ ተቃራኒ ነው። በ2000 ዓ.ም. መንግሥት በጥሬ ቆዳና ሌጦ የወጪ ንግድ ላይ 150 በመቶ ቀረጥ ጣለ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም በከፊል ለፍቶ የሚወጣው ቆዳ በዚያው መንገድ ተከለከለ። ሐሳቡ ፋብሪካዎች ያለቀለት ቆዳ፣ ቀጥሎም ጫማና ጓንት እንዲሠሩ ማስገደድ ነበር። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ሌጦ በዓለም የጓንት ሠሪዎች ዘንድ የተወደደ መሆኑ ሲታሰብ ዓላማው ስሕተት ነበር ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን ቆዳ የሚበላሸው ፋብሪካ ከመድረሱ በፊት ነው። በጉ በሕይወት ሳለ በእከክ ይበላል፤ እሾህ ይቧጭረዋል። በበዓል ቀን በጓሮ ሲታረድ በቢላዋ ይሸነቆራል፤ ከዚያም ጨው ሳይነካው ፀሐይ ላይ ይውላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በሚሊዮኖች ቤት ነው፤ ከእነዚህ ቤቶች አንዱም ቆዳውን በጥንቃቄ ስለ ገፈፈ የተለየ ዋጋ አያገኝም። ቀረጡ የገዢዎችን ቁጥር ሲቀንሰው የሰብሳቢው ዋጋ ወረደ፤ ዋጋው ሲወርድ ደግሞ ሰው ቆዳውን መጠበቅ ተወ። በልጅነቴ ለፋሲካ የታረደ በግ ሌጦ ለአንድ ልጅ የደብተር መግዣ ይሆን ነበር። ዛሬ በበዓል ማግሥት በአዘዞ መንገድ ዳር የተጣለ ቆዳ ሲሸት ማለፍ የተለመደ ሆኗል፤ ይህን ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ከዚህ ተነሥቶ ቀረጡን ማንሣት ብቻ ይበቃል ለሚል ሰው የሞዛምቢክን የካሹ ለውዝ ታሪክ አስታውሳለሁ። ሞዛምቢክ ጥሬ ካሹ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ለረጅም ጊዜ ገድባ የራሷን መፈልፈያ ፋብሪካዎች ታስተዳድር ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ በዓለም ባንክ ግፊት የወጪ ቀረጡን ስትቀንስ ጥሬው ወደ ህንድ ጎረፈ፤ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ተዘጉ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችም፣ ከእነርሱም ብዙ ሴቶች፣ ሥራቸውን አጡ። አንደኛዋ አገር ቀረጥ በመጣሏ፣ ሌላይቱ ቀረጥ በመቀነሷ ተጎዱ። ሁለቱም ዘንድ ያልተነካው ፍሬውን የሚለቅመው ወይም ቆዳውን የሚገፈው ሰው በጥራት የሚያገኘው ጥቅም ነበር። ቀረጡ ከፍ ይበል ዝቅ ይበል ከሚለው ክርክር በፊት ይህ መታየት ነበረበት።

ስለ ስፌት ፓርኮችም አንድ ነገር መባል አለበት፤ ጸሐፊው በአርአያነት የጠቀሱት ሐዋሳን ነውና። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ በጥቂት ጊዜ የተገነባ፣ የራሱ የፍሳሽ ማጣሪያ ያለው፣ በአፍሪካ ደረጃ የሚያኮራ ሥራ ነበር። ይሁን እንጂ ጨርቁ በአብዛኛው ከውጭ ገብቶ፣ ተሰፍቶ፣ ተመልሶ ወደ ውጭ የሚወጣ ስለነበር ከአገሬው ጋር የሚያያይዘው ዋና ገመድ የሠራተኛው ጉልበት ብቻ ሆነ። የአዲስ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ መሆኑ በ2011 ዓ.ም. በስፋት ተዘግቧል። በዚያ ደመወዝ ከሐዋሳ የቤት ኪራይ ጋር መኖር ያቃታቸው ወጣት ሴቶች በዓመት ውስጥ ሥራውን ለቀው ይሄዱ ነበር። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያ አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ከሰጠችው፣ አጎዋ ከተባለው የቀረጥ ነፃ ዕድል ስትወጣ ፓርኩ ምን ያህል በአንድ ገበያ ላይ እንደቆመ ታየ።

ባንግላዴሽ በዚሁ የስፌት ዘርፍ የጀመረችው በሌላ በኩል ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1979 አንድ የአገሪቱ ድርጅት ከኮሪያው ዴዉ ጋር ተዋውሎ 130 ሠራተኞችን ለስድስት ወር ኮሪያ ልኮ አሠለጠነ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በኋላ እየወጡ የየራሳቸውን ፋብሪካ አቋቋሙ፤ ወይም ሌሎች ሲያቋቁሙ የሥራ መሪ ሆኑ። የዛሬው ግዙፍ የባንግላዴሽ ስፌት ኢንዱስትሪ ብዙ ሥሩ ከዚያ ነው። ገዢ ቢሄድ ሌላ ገዢ የሚፈልግ የአገር ሰው አለ። እኛ ሕንፃውን አስቀደምን፤ እነርሱ ባለሙያውን አስቀደሙ።

ወደ ጎንደር ስንመጣ ደግሞ አንድ ሊሸሽ የማይቻል ነገር አለ፤ እሱም ርቀት ነው። ከዚህ የሚነሣ ኮንቴይነር ወደ ጅቡቲ ለመድረስ ወይ በአዲስ አበባ ይዞራል፣ ወይ ከወረታ ወደ ወልዲያ ተሻግሮ በሚሌ በኩል ይወርዳል። የመተማና የገዳሪፍ መንገድ ወደ ፖርት ሱዳን ቅርብ ነበር፤ ነገር ግን ሱዳን በጦርነት ውስጥ ሳለች ማንም ዕቅዱን በእሱ ላይ ሊመሠርት አይችልም። ጨርቅ ከእስያ አስመጥቶ፣ እዚህ ሰፍቶ መልሶ የሚልክ ፋብሪካ ይህን መንገድ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ ለሚሰፋው ሸሚዝ የሚያገኘው ክፍያ ግን ሳንቲም እየተቆጠረ ነው። ስለዚህ ሐዋሳን የከበደው ሸክም ጎንደር ላይ እጥፍ ይሆናል። ለዚህች ከተማ የሚበጀው ጥሬ ዕቃው እዚሁ የሚበቅል፣ ሲቀነባበር ክብደቱ የሚቀንስ ወይም ገበያው እዚሁ አጠገቡ ያለ ኢንዱስትሪ ነው።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000 ሥራ የጀመረው የዳሽን ቢራ ፋብሪካ በከተማችን ጸንቶ የቆየው ቢራ ውኃና ጠርሙስ ስለሆነ ነው፤ ከሩቅ ተጭኖ ሲመጣ ይወደዳል፣ እዚሁ ሲጠመቅ ይረክሳል። ጠጪውም እዚሁ ነው። ቢራው ደግሞ ብቅል ይፈልጋል፤ ብቅሉም ገብስ። ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የብቅል ፋብሪካ አሰላ ነበር። ቢራ ጠማቂዎች የጎደላቸውን በውጭ ምንዛሪ ይገዙ ነበር፤ በዚያው ጊዜ የእኛ ደጋ ገብስ ለጠላና ለቆሎ ብቻ ይውል ነበር። ይህ ክፍተት መዘጋት ሲጀምር ከወገራ እስከ ደባርቅ ላለው ገበሬ እውነተኛ በር ተከፈተለት።

በሩ ግን እንዴት በቀላሉ ሊዘጋ እንደሚችል በራሴ ሥራ አይቻለሁ። በአንድ ዓመት፣ እሠራበት በነበረው የኅብረት ሥራ ድርጅት በኩል፣ ከዳባት በኩል ካሉ ማኅበራት ብዙ መኪና ገብስ ሰብስበን ለአንድ ብቅል አምራች አቀረብን። ገብሱ ለዐይን የሚያምር፣ ፍሬው የሞላ ነበር። ገዢው ናሙና ወስዶ ሲለካው የፕሮቲን መጠኑ ከሚፈለገው በላይ ሆኖ ተገኘና ከግማሽ በላዩ ተመለሰ። ለብቅል የሚሆን ገብስ ፕሮቲኑ ከ9 እስከ 12 በመቶ ገደማ መሆን አለበት፤ ከዚያ ካለፈ ቢራው ይደፈርሳል፣ ከገብሱ የሚገኘው ምርትም ይቀንሳል። ከመቶ ፍሬ 95ቱ መብቀል አለባቸው፤ ዝናብ ነክቶት በክምር የቆየ ገብስ ይህን አያሟላም። ዝርያው ሆልከር ከሆነ ሆልከር ብቻ መሆን አለበት፤ የተደባለቀ ዘር እኩል አይበቅልም። ገዢው ትክክል ነበር። ጥፋቱ ከእኛ ነበር፤ ዩሪያ በጨመራችሁ ቁጥር ምርታችሁ ይጨምራል ብለን ገበሬውን ስንመክር የዩሪያው ብዛት ፕሮቲኑን ከፍ እንደሚያደርገው አልነገርነውም። እኛ የምንመዘነው በሰበሰብነው ኩንታል ነበር እንጂ ፋብሪካው በተቀበለው ኩንታል አልነበረም። የተመለሰው ገብስ በቅዳሜ ገበያ ለጠላ ሲሸጥ፣ ከገበሬዎቹ አንዱ ስለ ፕሮቲን የሰማው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑን ሲነግረኝ ያፈርኩትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ይህን የማነሣው የብቅል ገብስ ዘርፍ የጎደለው ፓርክ ወይም የግብር እፎይታ አለመሆኑን ለማሳየት ነው። ፋብሪካ አለ፤ ገበያ አለ። የጎደለው ንጹሕ ዘር፣ በቀበሌ ደረጃ የሚገኝ ቀላል የጥራት መለኪያና ከመዝራት በፊት የሚፈረም፣ ለጥራት የተለየ ዋጋ የሚከፍል ውል ነው። እነዚህ ከአንድ የፓርክ ሼድ ወጪ ጋር የሚወዳደር ገንዘብ አይጠይቁም።

ሰሊጥ ከሁሉም የሚበልጥ ጉዳይ ስለሆነ ቦታ ልስጠው። ከቡና ቀጥሎ የአገሪቱን የውጭ ምንዛሪ ካስገኙት ምርቶች አንዱ ነው፤ የሁመራና የጎንደር ነጭ ሰሊጥ በዓለም ገበያ የራሱ ስም አለው። ዋና ገዢዎቹ ቻይና፣ እስራኤልና የመካከለኛው ምሥራቅ አገሮች ናቸው። እነርሱ ከእኛ በጥሬው የሚወስዱትን ልጣጩን አውልቀው ጣሂና ለሚባለው የተፈጨ ሰሊጥ፣ ለሐላዋና ለዳቦ ያውሉታል። ይህን ሥራ እዚህ መሥራት አቅቶን የቆየው ለምንድን ነው? ብዙ ሰው ማሽን ስለሌለን ነው ይላል። ማሽን ገዝተው የተከሉ ሰዎች ግን አውቃለሁ፤ ማሽናቸው በዓመት ጥቂት ወራት ብቻ እየሠራ ቀሪውን ጊዜ ቆሞ ኖሯል።

ምክንያቱ በውጭ ምንዛሪ ሥርዓታችን ውስጥ ነበር። ዶላር በባንክ በማይገኝባቸው ዓመታት ብዙ አስመጪዎች ሰሊጥ የሚገዙት ለትርፍ አልነበረም። ከሰሊጡ የሚገኘውን ዶላር ይዘው ብረት፣ መለዋወጫ ወይም ሌላ ሸቀጥ ለማስገባት ስለነበር፣ ሰሊጡን በኪሳራ ሸጠው ኪሳራውን ባስገቡት ዕቃ ላይ ያካክሱት ነበር። በዚህ የተነሣ የሰሊጥ የአገር ውስጥ ዋጋ አንዳንድ ጊዜ ከዓለም ዋጋ በላይ ይወጣ ነበር። ገበሬው ለጊዜው ተጠቀመ፤ ሰሊጡን ፈልፍሎ በማትረፍ ብቻ ሊኖር ያሰበ አቀነባባሪ ግን ከእነዚህ ገዢዎች ጋር ተወዳድሮ ጥሬ ዕቃ ሊገዛ የሚችልበት መንገድ አልነበረም። የግብር እፎይታ ቢሰጠው፣ ሼድ በነፃ ቢሰጠውም አይጠቅመውም፤ ትርፍ ለሌለው ሰው ከግብር ነፃ መሆን ምን ይረባዋል? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ በኑሮ ውድነት ሁላችንም ተጎድተናል፤ ይሁንና ለሰሊጥ አቀነባባሪው ይህ የቆየ ማነቆ የሚላላበት ዕድል ተፈጥሯል። በፓርክ ዙሪያ ስንከራከር ይህን ዕድል ሳንጠቀምበት እንዳያልፍ እፈራለሁ።

ሁለተኛው የሰሊጥ ማነቆ እርሻው ላይ ነው። ሰሊጥ ታችኛው ዛላው ቢጫ መሆን ሲጀምር፣ ሳይከፈት መታጨድ አለበት። አንድ ሳምንት ቢዘገይ ዛላው ይፈነዳና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። የታጨደው ሂላ በሚባል የነዶ ክምር ተደጋግፎ ይቆማል፤ ሲደርቅ ተገልብጦ ይራገፋል። የሚራገፈው በሸራ ላይ ከሆነ ንጹሕ ነው፤ በባዶ መሬት ላይ ከሆነ አፈርና ጠጠር ይገባበታል። ጠጠር በጣሂና ውስጥ ማንም አይቀበልም፤ በአፈር የሚመጣ ብክለት ደግሞ በአውሮፓ ወደቦች በሳልሞኔላ ምርመራ ያስመልሰዋል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ለገበሬውና ለነጋዴው ትልቅ ውለታ ሠርቷል፤ ሻጭ ገንዘቡን በማግሥቱ ያገኛል፣ በሚዛን መጭበርበርም ቀንሷል። ነገር ግን ለብዙ ዓመታት በመጋዘን ውስጥ የአንዱ ሰሊጥ ከሌላው ጋር በደረጃ ስለሚቀላቀል፣ በሸራ ያራገፈውና በመሬት ያራገፈው ገበሬ ልዩነታቸው በጣም ጠባብ ሆኖ ቆይቷል። በአጨዳ ወቅት የቀን ሠራተኛ ዋጋ በሚያሻቅብበትና ጸጥታው በደፈረሰበት ዓመት ገበሬ ለጥቂት ብር ልዩነት ሲል ሸራ አይገዛም። ከቆዳው ጋር ያለው ተመሳሳይነት ግልጽ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ የኬንያን ሻይ ብጠቅስ ይጠቅማል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 የተቋቋመው የአነስተኛ ሻይ አምራቾች ልማት ድርጅት ገበሬውን በአጠገቡ ካለ አንድ ፋብሪካ ጋር አገናኘው። ገበሬው ቅጠሉን ሲያስረክብ በየወሩ የተወሰነ ክፍያ ያገኛል፤ በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ የእሱ ፋብሪካ በጨረታ ባገኘው ዋጋ ልክ ተጨማሪ ክፍያ ይደርሰዋል። በኋላም ፋብሪካዎቹ የገበሬዎቹ ንብረት ሆኑ። በአስተዳደሩ ላይ ብዙ ክርክር መኖሩ አይካድም፤ ቢሆንም ሁለት ቅጠልና አንድ እንቡጥ ብቻ መልቀም እንዳለበት ለኬንያው ገበሬ ማንም ሊጮህበት አያስፈልግም፤ የዓመቱ መጨረሻ ክፍያ ይነግረዋልና። የእኛ የገበሬ ኅብረት ሥራ ዩኒየኖችም የትርፍ ክፍፍል አላቸው፤ ነገር ግን ክፍፍሉ በኩንታል ነው እንጂ በጥራት አይደለም።

ጸሐፊው ሰሊጡን ወደ ምግብ ዘይት እንለውጠው ያሉትን ግን አልቀበልም። ሰሊጥ ግማሹ ዘይት መሆኑ እውነት ነው፤ ይሁንና ነጩ ሰሊጥ በጥሬው የሚያወጣው ዋጋ የአገራችን ሸማች ለአንድ ሊትር ዘይት ሊከፍል ከሚችለው ጋር አይጣጣምም። ሰሊጥ ተፈልፍሎና ተጠብሶ ለውጭ ገበያ ይሂድ። ለምግብ ዘይት የሚሆኑት ኑግ፣ አኩሪ አተርና ሱፍ ናቸው። የቅባት እህል የምንልክ አገር ሆነን የፓልም ዘይት ከእስያ ማስገባታችን፣ በክልላችን የተተከሉ ትልልቅ የዘይት ፋብሪካዎችም ከውጭ በሚገባ ድፍድፍ ላይ መደገፋቸው ያሳዝነኛል። የእነርሱ ማነቆ ማሽን አይደለም፤ የአገር ውስጥ ፍሬ በሚፈለገው መጠንና ዋጋ አለመገኘቱ ነው። ኑግ ደግሞ ለብዙ ዘመን የምርምር ትኩረት ተነፍጎት ምርቱ በሔክታር ዝቅተኛ እንደሆነ ቀርቷል። በእኛ መጭመቂያ አንድ ኩንታል ኑግ ሲገባ ከዘይቱ ሌላ ፋጉሎው ለላም አርቢዎች ይሄዳል፤ በጾም ማብቂያ ሰሞን ከዘይቱ ይልቅ ለፋጉሎው የሚሰለፈው ደንበኛ ይበዛል። ፍሬው በጥሬው ሲወጣ ፋጉሎውም፣ ከእሱ የሚገኘው ወተትም አብረው ይወጣሉ።

ቱሪዝምን በአጭሩ ላንሣ። ፋሲል ግቢ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1979፣ የሰሜን ተራሮች ፓርክ ከዚያ በፊት በ1978 በዩኔስኮ ተመዝግበዋል፤ ጥምቀትም በ2019 ተጨምሯል። ለዚህ ዘርፍ ፋብሪካም ሆነ ፓርክ አይገነባለትም፤ ካፒታሉ ሰላም ነው። ሰላም በሌለበት ዓመት የአስጎብኚው፣ የበቅሎ አከራዩና የወለቃዋ ሸክላ ሠሪ ገቢ በአንድ ጊዜ ይቆማል፤ የሆቴል ባለቤት ደግሞ ብድሩን ከየት አምጥቶ ይክፈል? ሰላም ሲኖርም እንግዳ ጠዋት ግንቡን፣ ከሰዓት ደብረ ብርሃን ሥላሴን አይቶ በማግሥቱ ወደ ደባርቅ ይሄዳል። የዘርፉ ስልት መለካት ያለበት በመጣው እንግዳ ቁጥር ሳይሆን እንግዳው በሚያድርባቸው ሌሊቶችና ሆቴሉ ከደንቢያ ገበሬ በሚገዛው ቅቤ፣ እንቁላልና አትክልት ነው። ጥር 11 ሆቴል ሁሉ ሞልቶ ጥር 15 ባዶ መሆኑ ለአንድ ከተማ አይበቃትም።

የምጠይቀው እንግዲህ ይህ ነው። የከተማና የዞን አስተዳደሮች ለፓርክ የሚሆን መሬት ከመከለላቸው በፊት፣ በእያንዳንዱ ዘርፍ አምራቹን፣ ሰብሳቢውን፣ አቀነባባሪውንና አበዳሪ ባንኩን ለብቻ ለብቻ ቁጭ አድርገው ማነቆው የት እንደሆነ ይስሙ፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የኢኮኖሚክስ መምህራን ጉባኤውን ቢመሩት ደስ ይለኛል። ሰሊጥ መፈልፈል ብዙ ንጹሕ ውኃ ስለሚፈልግ፣ ነዋሪው የቧንቧ ውኃ በወረፋ በሚያገኝባት ከተማ ፋብሪካው የት እንደሚቆም አስቀድሞ ይታሰብበት፤ ግንባታው ከአሥር ዓመት በላይ የፈጀው የመገጭ ግድብ ከዚህ ጋር ተያይዞ ይታይ። ለቆዳ፣ ከማንኛውም የፋብሪካ ድጋፍ በፊት በበዓላት ሰሞን የሚሠራ የጨው አቅርቦትና ደረጃን ተከትሎ የሚከፍል መሰብሰቢያ በየክፍለ ከተማው ይኑር፤ የእከክ ሕክምናም በየወረዳው ሳይቋረጥ ይሰጥ። ዩኒየኖች የትርፍ ክፍፍላቸውን በጥራት ደረጃ ያድርጉ፤ ይህን ለማድረግ የሚያስፈልጋቸው የጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ ብቻ ነው።

ከሁሉም የሚቀድመው ግን የሰሊጡ ሸራ ነው። አጨዳው በመስከረም መጨረሻ ይጀምራል። ዩኒየኖች ሸራውን በብድር ገዝተው እስከ ጳጉሜን ድረስ ለአባሎቻቸው ቢያድሉ፣ ዋጋውንም ከሰሊጡ ሽያጭ ላይ ቢቀንሱ፣ የዘንድሮው የመተማና የአርማጭሆ ሰሊጥ ከጠጠር ነፃ ሆኖ ይገባል፤ ልጣጭ የሚያወልቀውም ማሽን የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ያገኛል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የጋዜጣው አንባቢ
ጎንደር፣ አዘዞ